የንጉሥ ቤት፣ የሕዝብ መዋጮ

መንግሥት ባለቤቱ የሆነ ታሪካዊ ቤት ሲፈርስ ማን ይጠግነው? ላይ ላዩን ለተመለከተው መልሱ ቀላል ነው። ቤቱ የመንግሥት ከሆነ መንግሥት ይጠግነው፤ ሕዝቡ ግብሩን ከፍሏልና ለአንድ ቤት ሁለት ጊዜ ሊጠየቅ አይገባም የሚል ክርክር ይነሣል። ክርክሩ ውሃ የሚያነሣ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ የመንግሥት ንብረት የሆነው ሁሉ የማንም እንዳልሆነ ሲቆጠር፣ ጣሪያው ሲያፈስ፣ በሩ ሲገነጠል አላፊ አግዳሚው አይቶ እንዳላየ ሲያልፍ በብዙ አገር ታይቷል። በአገራችንም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ የመንግሥት ንብረት ከሆኑ ወዲህ፣ በአዲስ አበባ ውስጥ መኳንንትና ነጋዴዎች ካሠሯቸው የቆዩ ቤቶች ብዙዎቹ በኪራይ ቤትነት ተከፋፍለው ኖረዋል። ተከራዩ የመንግሥት ነው ብሎ፣ አከራዩም በጀት የለም ብሎ ሲተያዩ እርጅና ሥራውን ሠርቷል።

ስለዚህ ነገሩ የገንዘብ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ሕዝብ ለመንግሥት ቤት ሲያዋጣ ምን ይሰጣል? መንግሥትስ መዋጮውን ሲቀበል ምን ዕዳ ይገባል? ይህን ለመመርመር የፖላንድ ዋና ከተማ የዋርሶ ቤተ መንግሥት እንደገና የተሠራበትን ታሪክ ያህል የሚረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀናት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቤቱ ከቪስቱላ ወንዝ በላይ በከፍታ ላይ የቆመ ነው። በመጀመሪያ የማዞቪያ መሳፍንት መኖሪያ ነበር። ንጉሥ ሲጊዝሙንድ 3ኛ በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና በ17ኛው መባቻ መናገሻውን ከክራኮቭ ወደ ዋርሶ ሲያዛውር ቤቱን አስፍቶና አድሶ ዙፋኑን አኖረበት። ሆኖም ቤቱ የንጉሥ ብቻ አልነበረም። የመኳንንቱ ሸንጎም የሚሰበሰበው በዚሁ ጣሪያ ሥር ነበር። እኛ በአማርኛ ቤተ መንግሥት ስንል ንጉሡ የሚያድርበትንም፣ መንግሥት የሚመከርበትንም በአንድ ቃል እንጠራለን፤ በዋርሶው ቤት ሁለቱም ትርጉሞች በአንድ ግቢ ውስጥ በተግባር ይታዩ ነበር። በሜይ 3 ቀን 1791 በአውሮፓ ከመጀመሪያዎቹ የጽሑፍ ሕገ መንግሥታት አንዱ የሆነው የፖላንድ ሕገ መንግሥት የጸደቀው በዚህ ቤት በሴናተሮቹ አዳራሽ ውስጥ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ አገሪቱ ራሷ በሦስት ጎረቤት ኃይሎች ተከፋፍላ ከካርታ ላይ ጠፋች። ቤቱም ለረጅም ዘመን የሩሲያ ገዥዎች ተቀመጡበት። ነፃነት በ1918 ሲመለስ ቤቱም ለአገሩ ተመለሰ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት መኖሪያ ሆኖ ያገለግል ነበር።

በሴፕቴምበር 17 ቀን 1939 የናዚ ጀርመን መድፎች ቤቱን መቱት። ጣሪያውና የግንቡ አናት በእሳት ተያያዘ። በግንቡ ላይ የነበረው ትልቅ ሰዓት ከረፋዱ በ5 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ላይ ቆመ። የታላቁን አዳራሽ ጣሪያ ያስጌጠው የባቺያሬሊ ሥዕል በቃጠሎው ጠፋ። በዚያው ቀን የቤቱ ቅርሳ ቅርስ ጠባቂ ካዚሜዥ ብሮክል ከሥራው ቦታ ሳይርቅ ተገደለ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያሻል። የዋርሶ ቤተ መንግሥት እንደገና መሠራት ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ ከ1971 ይጀመራል፤ የገንዘብ መዋጮው የታወጀው ያን ጊዜ ነውና። በእኔ አስተያየት ግን የመጀመሪያው መዋጮ የተሰበሰበው በ1939 መጸውና ክረምት ነው። የብሔራዊ ሙዚየሙ ዳይሬክተር ፕሮፌሰር ስታኒስዋቭ ሎሬንትዝ፣ የሙዚየሙ ሠራተኞችና የዋርሶ ነዋሪዎች በመጀመሪያ በድብደባው መካከል፣ ኋላም በወራሪው ዓይን ሥር ከቤቱ ውስጥ ሊወጣ የሚችለውን ሁሉ አወጡ። ሥዕልና የቤት ዕቃ ብቻ አልነበረም። የተቀረጸ የበር እንጨት፣ የምድጃ እብነ በረድ፣ ከግድግዳ የተነቀለ የኖራ ጌጥ ስባሪ ሁሉ ተሸክመው ወደ ሙዚየሙ ምድር ቤት አጓጓዙ። በዚያ ሰዓት አገር የለም፣ መንግሥትም የለም፤ ቤቱን መልሶ የሚሠራ ይኖራል ብሎ ለማመን የሚያበቃ ምንም ምልክት አልነበረም። ስባሪውን የተሸከመው ሰው የሰጠው ገንዘብ አይደለም። ሕይወቱን በመያዣነት ሰጥቶ የወደፊቱን ትውልድ ባለዕዳ አደረገው።

ጀርመኖች ቤቱን ለማጥፋት የተነሡት በጦርነት ግለት አልነበረም። በ1939 መጨረሻና በ1940 መጀመሪያ ውስጡን በጥንቃቄ ገፈፉት፤ ቀጥሎም በግድግዳዎቹ ውስጥ ድማሚት የሚቀበርባቸውን በሺህ የሚቆጠሩ ጉድጓዶች በሰርሳሪ መሣሪያ በሱ። ነገር ግን ያን ጊዜ አላፈነዱትም። የተበሳው ግድግዳ ለአምስት ዓመት ያህል እንደቆመ ኖረ። የዋርሶ ሕዝብ በኦገስት 1944 ሲነሣባቸው፣ በሴፕቴምበር ጉድጓዶቹን በፈንጂ ሞልተው ቤቱን ከመሠረቱ አናጉት። የፍርስራሽ ክምር ቀረ፤ ከክምሩ መካከል አንድ የግድግዳ ቁራጭ ከነመስኮቱ ቆሞ ተገኘ። መስኮቱ ደራሲው ስቴፋን ዤሮምስኪ በ1925 እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ይኖርበት የነበረው ክፍል መስኮት ነበር። ንጉሦችና ገዥዎች ከኖሩበት ቤት ከድማሚት የተረፈው የአንድ ጸሐፊ መስኮት መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ዋርሶዎች ግን አጋጣሚ ብለው አላለፉትም።

ከጦርነቱ በኋላ የተመሠረተው የሕዝብ መንግሥት የከተማይቱን አሮጌ ሰፈር እንደገና ለመገንባት ፈጣን እርምጃ ወሰደ። በ1953 የአሮጌው ከተማ አደባባይ ተጠናቀቀ። ስለ ቤተ መንግሥቱም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጁላይ 2 ቀን 1949 ይሠራ ሲል ወስኖ ነበር። ነገር ግን ውሳኔው ወረቀት ላይ ቀረ። ፕላን ይነደፋል፣ ይታጠፋል፤ ውድድር ይደረጋል፣ ይረሳል። በቭዋዲስዋቭ ጎሙልካ አመራር ዘመን ቤተ መንግሥቱ በአጀንዳነት መነሣቱ እንኳ ደስ የሚያሰኝ አልነበረም። ለመኖሪያ ቤት እጦት ለተጋለጠው ሠራተኛ የንጉሥ ቤት ምን ያደርግለታል የሚለው አስተሳሰብ ሚዛን የደፋ ነበር ማለት ይቻላል። ይህ አስተሳሰብ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ሰው በምድር ቤት ተጨናንቆ በሚኖርበት ከተማ ለወርቅ ቅብ አዳራሽ ሲሚንቶ መመደብ ኅሊናን የሚፈታተን ነገር ነው። ነገር ግን ከዚህ ክርክር ጀርባ ሌላ ነገርም ነበር፤ ይኸውም ቤቱ የንጉሥ ዙፋን ብቻ ሳይሆን የነፃ ሸንጎና የሕገ መንግሥት ትዝታ ያለበት መሆኑ ነው።

ለውጡ የመጣው በደም ነው። በዲሴምበር 1970 በባልቲክ ባሕር ዳር ከተሞች የምግብ ዋጋ መናሩን ተቃውመው የወጡ ሠራተኞች ላይ ጥይት ተተኮሰባቸው፤ ብዙዎች ሞቱ። ጎሙልካ ከሥልጣን ወረደ፤ ኤድቫርድ ጊዬሬክ ተተካ። ልክ አንድ ወር ባለፈው ጊዜ፣ በጃንዋሪ 20 ቀን 1971 ቤተ መንግሥቱ እንደገና እንደሚሠራ ታወጀ። ሥራውም በዜጎች ኮሚቴ እንዲመራና ከሕዝብ በሚገኝ የፈቃድ መዋጮ እንዲከናወን ተወሰነ።

የቀኑን ቅርበት አይቶ አለመጠርጠር የዋህነት ነው። በሠራተኛው ደም የተነከረ አስተዳደር ሕዝቡን የሚያስታርቅ ነገር ይሻ ነበር፤ ቤተ መንግሥቱም ተገኘለት። ታዲያ መዋጮው ተንኮል ብቻ ነበርን? አይመስለኝም። አመራሩ ቤቱን ለመታረቂያነት የመረጠው ሕዝቡ ከልቡ እንደሚፈልገው ስላወቀ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በከተማው መካከል ባዶ ቦታ ሆኖ የኖረውን ጉድጓድ ሁሉም ያየው ነበር። አሳቢው ማንም ይሁን ማን፣ ፍላጎቱ የሕዝቡ ነበር። ሌላም ቁም ነገር አለ። የ1949ኙ ሐሳብ ቤቱን የከፍተኛ የመንግሥት ባለሥልጣናት መቀመጫ ማድረግ ነበር፤ በ1971 ግን ለሕዝብ ክፍት የሆነ የታሪክና የባህል ሐውልት እንዲሆን ነው የታቀደው። ለሹም መኖሪያ የሚሆን ቤት ይሠራ ተብሎ መዋጮ ቢጠየቅ ኖሮ ሣጥኑ ምን ያህል ይሞላ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ሣጥኑ በቤቱ ግቢ በር ላይ ቆመ። ተማሪው ሳንቲሙን፣ ጡረተኛው ከአበሉ ቀንሶ፣ መበለቲቱ የጋብቻ ቀለበቷን ይጥሉበት ጀመር። በየፋብሪካውና በየመሥሪያ ቤቱ ተሰበሰበ፤ ግንበኛና አናጢ ከሥራ ሰዓት ውጭ በነፃ ሠራ፤ ድርጅቶች ቁሳቁስ አበረከቱ። በአሜሪካና በሌሎች አገሮች የሚኖሩ ፖላንዳውያን ኮሚቴ አቋቁመው ላኩ። እስከ 1975 አጋማሽ ድረስ የተሰበሰበው 500 ሚሊዮን ዝሎቲ ያህል ደረሰ። በተጨማሪም ከአገር ውስጥም ከውጭም ሥዕል፣ የቤት ዕቃ፣ ሰዓት፣ ምንጣፍ በስጦታ መጣ።

መዋጮ የሚለው ቃል በእኛም ዘንድ ሁለት ፊት እንዳለው አንባቢ ያውቃል። አንደኛው እንደ ደቦና እንደ እድር ያለው፣ ሰው ጎረቤቱን አይቶ በፈቃዱ የሚያወጣው ነው። ሁለተኛው ደመወዝ ሲከፈል ተቆርጦ የሚገኘው ነው። አለቃው ቆሞ ስም በሚመዘግብበት መሥሪያ ቤት ፈቃድና ግዴታ የሚለያዩበትን መስመር ማግኘት ያስቸግራል፤ በዋርሶም ከዚህ የጸዳ ነበር ብሎ ለመማል አይቻልም። ፋብሪካውም የመንግሥት፣ የጥገናውም ድርጅት የመንግሥት በሆነበት አገር ውስጥ ደግሞ፣ ድርጅት የለገሰው ጡብ የሕዝብ ስጦታ ነው ወይስ በሌላ ስም የወጣ በጀት? የሒሳብ ሰው በዚህ ላይ ረጅም ክርክር ሊያነሣ ይችላል። ቀለበቷን ያወለቀችው ሴት ግን ይህ ክርክር አይመለከታትም። ቀለበት ከደመወዝ ላይ አይቆረጥም።

በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ሕዝቡ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ባለስለት ጃንጥላና ምንጣፍ ይዞ እንደሚመጣ የታወቀ ነው። ያን ሰው ደብሩን የሰጠሁት ለአለቃው ነው ብሎ የሚያስብ የለም። አለቃ ይሻራል፣ ይሾማል፤ ጃንጥላው የታቦቱ ነው። የዋርሶውም ጉዳይ ከሁሉ በላይ የከረረው በዚህ ነጥብ ላይ ነበር። በለንደን ከጦርነቱ ጊዜ ጀምሮ የስደት መንግሥት የነበረ ሲሆን፣ በዋርሶ ያለውን አመራር ሕጋዊ ነው ብሎ አይቀበልም ነበር። እንግዲህ ስደተኛው ይስጥ ወይስ አይስጥ? ለቤቱ የሚሰጥ ገንዘብ የማይወዱትን መንግሥት ስም ማስጌጫ ይሆናል የሚሉ ነበሩ። ቤቱ ከመንግሥታት ሁሉ ይቀድማል፣ ከመንግሥታት ሁሉም በኋላ ይኖራል የሚሉም ነበሩ። ሁለቱም ወገን የተሳሳተ አልነበረም፤ በዚህም የተነሣ አንዳንዱ ሰጠ፣ አንዳንዱ እጁን ሰበሰበ፣ አንዳንዱ ደግሞ ጊዜ ጠበቀ። ጊዜ የጠበቁት ምን እንዳደረጉ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሥራው ራሱ እንዴት ተሠራ? ሎሬንትዝ፣ አርክቴክቱ ያን ዛክቫቶቪችና ሌሎች ሊቃውንት የሚመሩት ቡድን በግምት አንድ ጡብ እንዳይቆም ጥብቅ ሥርዓት አወጣ። በ18ኛው ምዕተ ዓመት የጣሊያኑ ሠዓሊ ቤርናርዶ ቤሎቶ በንጉሥ ስታኒስዋቭ አውጉስት ትእዛዝ የዋርሶን ጎዳናዎችና ሕንፃዎች እያንዳንዱን መስኮት እስኪቆጠር ድረስ ሥሎ ነበር፤ ጀርመኖች የወሰዷቸው እነዚህ ሥዕሎች ከጦርነቱ በኋላ ተመልሰው ለግንበኛው እንደ መስታወት አገለገሉ። የድሮ ፎቶግራፎችና የልኬት ንድፎችም ተሰበሰቡ። ከሁሉም በላይ በ1939 የተሸሸጉት ስባሪዎች ከሙዚየሙ ምድር ቤት ወጡ። የበሩ ጌጥ በበሩ፣ የምድጃው እብነ በረድ በምድጃው ቦታ ገባ፤ የጎደለው ብቻ ከስባሪው ተለክቶ እንደገና ተቀረጸ። የዤሮምስኪ መስኮት ያለበት ግድግዳም በአዲሱ ግንብ ውስጥ እንዲታቀፍ ተደረገ።

ይህ ቤት የድሮው ነው ወይስ ቅጂ የሚለው ክርክር በሊቃውንት ዘንድ ዛሬም አልተቋጨም። ዩኔስኮ የዋርሶን አሮጌ ከተማ በዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ለማስገባት አመንትቶ ነበር፤ በመጨረሻ በ1980፣ የእኛው አክሱምና ጢያ በተመዘገቡበት ዓመት፣ መዘገበው። የተመዘገበው ግን የድንጋዩ ዕድሜ ታይቶ ሳይሆን እንደገና የመሥራቱ ተግባር ራሱ ታሪክ ነው ተብሎ ነው። ለእኔ ይህ ፍርድ ትክክል ነው፤ መዋጮው ባይኖር ግን ፍርዱ የሚቆምበት መሬት አይኖረውም ነበር። በበጀት ብቻ የተሠራ ቅጂ የሕንፃ ሞያ ሥራ ይባላል እንጂ የሕዝብ ታሪክ አይባልም።

በጁላይ 19 ቀን 1974 ግንቡ ቆሞ፣ የሰዓቱ ዘንግ ከ35 ዓመት በፊት በቆመበት በ5 ሰዓት ከ15 ደቂቃ እንደገና ተንቀሳቀሰ። የውስጡ ሥራ ግን ገና ብዙ ይቀረው ነበር። የአገሪቱ ኢኮኖሚ ተንኮታኮተ፤ በ1980 የሠራተኞች ንቅናቄ ተነሣ፤ በዲሴምበር 1981 ወታደራዊ አስተዳደር ታወጀ። ቤቱን ለመገንባት ዕድሜውን የሰጠው ሎሬንትዝ በ1982 ከሙዚየሙ ዳይሬክተርነት ተነሣ። የመዋጮው አዋጅ ያስገኘውን ዝና ሲሻማ የነበረው ጊዬሬክም ከሥልጣኑ ወርዶ ነበር። ሥራው ግን አልቆመም፤ የታሪክ ሊቁ አሌክሳንደር ጌይሽቶር ከ1980 ጀምሮ ቤቱን እየመራ፣ በኦገስት 1984 ለሕዝብ ተከፈተ። ሕዝብ ያዋጣበትን ሥራ ያለ ኀፍረት አቋርጦ መተው ለየትኛውም መንግሥት ቀላል አለመሆኑን እዚህ ላይ እንረዳለን። በበጀት የተጀመረ ግንባታ በአንድ ደብዳቤ ይታገዳል፤ በሳንቲም ሣጥን የተጀመረው ግን እያንዳንዱ ሰጪ ተቆጣጣሪው ነው።

መዋጮ መቀበል ቀላል ነው ብሎ የሚያስብ ባለሥልጣን ካለ ይህን ያጢን። ስጦታ የተቀበለ ከሦስት ነገር ነፃ አይሆንም። ገንዘቡ ለምን እንደዋለ በአደባባይ መናገር አለበት። የማይመጥነውን ስጦታ፣ ሰጪው ምንም ያህል ቢከበር፣ አይሆንም ለማለት ሞያና ድፍረት ያስፈልገዋል። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ቤቱን ኋላ ለሌላ ጉዳይ አለማዋል ነው። የዋርሶው ቤት ከተሠራ በኋላ ለሹማምንት መኖሪያ ቢሆን ኖሮ ያቺ ቀለበት እንደ ተሰረቀች ትቆጠር ነበር።

አሁን ጊዜ ወደ ጠበቁት እንመለስ። በዲሴምበር 22 ቀን 1990፣ ሕዝብ በነፃ ምርጫ የመረጠው ሌክ ዋሌሳ ፕሬዚዳንትነቱን በተረከበበት ዕለት፣ የለንደኑ የስደት መንግሥት የመጨረሻ ፕሬዚዳንት ሪሻርድ ካቾሮቭስኪ ከ1939 ጀምሮ በስደት የተጠበቁትን የፕሬዚዳንትነት ምልክቶች ይዘው ወደ ዋርሶ መጡ። ርክክቡ የተደረገው በዚሁ ቤት ውስጥ ነበር። በ1971 መዋጮውን ካወጁት ሰዎች መካከል ቤቱ ለዚህ ዓይነት ቀን እንደሚውል የገመተ አልነበረም ብንል ከእውነት አንርቅም።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1994፣ በስደት በሮም ትኖር የነበረችው የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ ካሮሊና ላንትስኮሮንስካ፣ በጦርነቱ ጊዜ በራቬንስብሩክ የማጎሪያ ካምፕ የታሰረች ሴት፣ ቤተሰቧ ያሰባሰበውን የሥዕል ስብስብ ለዋርሶና ለክራኮቭ ቤተ መንግሥታት ሰጠች። የማትቀበለው መንግሥት እስኪያልፍ ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ጠብቃ ነበር። ወደ ዋርሶ ከመጡት ሥዕሎች መካከል ሁለቱ የንጉሥ ስታኒስዋቭ አውጉስት ንብረት የነበሩና ንጉሡ ከሞቱ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፉ ናቸው። አንዱ በሥዕል ክፈፍ ውስጥ የቆመች ወጣት፣ ሌላው በመጻፊያ ጠረጴዛው አጠገብ የተቀመጠ ሊቅ ነው። ሁለቱም የሬምብራንት እጅ ሥራ መሆናቸው በ2006 በምርመራ ተረጋገጠ። ዛሬም በዚያው ቤት ግድግዳ ላይ ይታያሉ።